ማን መታሽ?

መጀመሪያ ያየሁት ጭኔ ላይ ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ እግሬን ልታጠብ ቀሚሴን ሰብሰብ ሳደርግ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ መዳፍ የሚያህል ቦታ በልዟል። ነካ አደረግኩት፤ አያምም። «የት ተጋጭቼ ይሆን?» ብዬ ትንሽ አሰብኩና ተውኩት። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ የምትውል ሴት ከምን ጋር እንደተጋጨች ስታስብ ብትውል ሌላ ሥራ አትሠራም። ጠረጴዛው አለ፣ መሰላሉ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የደንበኛ ክርን አለ።

ትርንጎ እባላለሁ። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እሸጣለሁ። ባሌ ማቴዎስ ሸማኔ ነው። እሱ ይሠራል፣ እኔ እሸጣለሁ፤ እሱ ዝም ይላል፣ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ እናገራለሁ። ወላጆቻችን ከጋሞ ደጋ መጥተው ጉለሌ የከተሙ ናቸው፤ ቤታችን ቁስቋም ዳገቱ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ምላሴ አላርፍ ስላለ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው እንኳ አንብቦ ገላውን ገለጥ አድርጎ ቢያይልኝ ብዬ ነው።

ከብልዙ በኋላ ድካሙ መጣ። ሁዳዴ ነበር፣ ፋሲካም ተቃርቧል፤ ያን ሰሞን ሽሮ ሜዳ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ድካሜን ለጾሙም ለገበያውም አካፍዬ ዝም አልኩ። ግን የቁስቋም ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ የወጣሁት ዳገት ነው። ዕቃ ተሸክሜ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየለከፍኩ፣ ሳላርፍ ነበር የምወጣው። አሁን ግማሹ ላይ ቆሜ የሰው አጥር እደገፋለሁ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። «ትርንጎ፣ ዝም ብለሽ አለፍሽ፤ ተጣላን እንዴ?» አለችኝ አንዷ ጎረቤቴ። መልስ ልሰጣት ትንፋሽ አጣሁ። እኔ! መልስ አጥቼ!

ድዴም መድማት ጀመረ። ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ መፋቂያው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ብልዙ ደግሞ ከጭኔ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ጎኔ ሄደ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይወጣል። ከቆዳዬ ሥር ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦችም ወጡ። ቁንጫ ነው ብዬ ፍራሹን ሁሉ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ።

ዊንጌት አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቁጥር ይዘህ ትቀመጣለህ፤ ስትቀመጥ ደግሞ አጠገብህ ያለው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዷ «ጨጓራ ነው፣ ፊትሽ ይናገራል» አለችኝ። ገባሁ፤ ሐኪሙም ጨጓራ ነው አለኝ። ሴትየዋን ሄጄ ልቀጥራት አማረኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ስሄድ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» ተባልኩና መርፌ ተወጋሁ። የተወጋሁበት ቦታ አብጦ እንደ ደበርጃን ጠቆረ። ሦስተኛው ቦታ የዓይኔን ቆብ ገልብጠው አዩና «ደም ማነስ ነው» አሉኝ። እሱስ እውነት ነበር፤ ደሜ ለምን እንዳነሰ ግን ማንም አልጠየቀ። እኔም ብሆን እንዲጠይቁ አልነገርኳቸውም፤ ስለ ብልዙ አፌን አልከፈትኩም። ለድካም የሄደ ሰው ስለ ብልዝ ያወራል?

ሦስተኛው ቦታ ግን አንዲት ነርስ ነበረች። ደም ግፊቴን ልትለካ እጅጌዬን ስትሰበስብ ክንዴን አየችው። ብድግ ብላ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ማን መታሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«አይዞሽ፤ እዚህ ማንም አይሰማሽም። ባልሽ ነው?»

ሳቄ መጣ። ማቴዎስ ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ግን እየሳቅኩ ሳለሁ ክንዴን እንደገና አየሁት። እውነትም፣ ማንም ካልመታኝ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? መልሱን ስላላወቅኩት ፈራሁ። ያን ቀን ከክሊኒኩ እስከ ታክሲ ድረስ እጅጌዬን ወደ ታች እየጎተትኩ ሄድኩ።

ቀጥሎ የመጣው ከሕመሙ የባሰ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ጽጌ ቅዳሜ ልትጠይቀኝ መጣች። ጸጉሬን መታጠብ አቅቶኝ ስላየች «ነይ ልጠብሽ» ብላ ጀርባዬን ገለጠችው። ውኃው በእጇ ላይ ቀረ። ብልዙን አንድ በአንድ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። አጥባኝ፣ አድርቃኝ፣ ግንባሬን ስማኝ ወጣች። በቀጥታ የሄደችው ወደ ጋሽ አንጁሎ ቤት ነበር።

ጋሽ አንጁሎ ጉለሌ ላሉት የእኛ ሰዎች ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። ማቴዎስን ሽመና ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው፤ አባቱ ሲሞት የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ከጎናቸው አስቀምጠው መወርወሪያ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና እትዬ ጽጌን አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከመጣ ለእርቅ ነው የመጣው፤ ተንበርክኮ ከለመነ ደግሞ እንቢ አይባልም። ማን ከማን ተጣልቶ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። ማቴዎስ ግን ሣሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

ተቀመጡ። «ማቴዎስ» አሉ ጋሽ አንጁሎ፣ «እጅህን በሚስትህ ላይ አንስተሃል?»

«አላነሳሁም።»

«ልጄ፣ የተደበቀ ነገር ቤት ያፈርሳል። ሰውም ያሳምማል። ይቺን ልጅ እያት፤ እየከሰመች ነው። ተናገርና ይውጣልህ።»

«አላነሳሁም፣ ጋሼ።»

«ኧረ በማርያም!» ብዬ ተነሳሁ፤ መነሳቱ ራሱ አዞረኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ይሄ ሰውዬ ነው የሚመታኝ? እኔ እሱን ብመታው አይሻልም?»

ማንም አልሳቀም። «ስትሸፍነው እዩልኝ!» አለች እትዬ ጽጌ እያለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሴት ልጅ ባሏን ትሸፍናለች፣ ይህን ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ማቴዎስ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ተዋርዶ አይቼው አላውቅም።

ጋሽ አንጁሎ ተነሱ። በዚያ ጉልበታቸው መጥተው ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቴ ተንበረከኩ። «እኔ ሽማግሌው ስለምንሽ፣ ስለዚህ ሣር ስትይ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ማን መታሽ?»

«ማንም…» ከማለቴ አፍንጫዬን ሞቅ አለኝ። የሆነ ነገር ጠብ ሲል ሰማሁ። ወደ ታች ሳይ ሣሩ ላይ ደም ነው።

ነስር ነው አሉ። ቀዝቃዛ ውኃ አናቴ ላይ አፈሰሱ፣ አፍንጫዬን ያዙልኝ፤ አልቆመም። እትዬ ጽጌ ነጠላዋን አወጣች፣ ነጠላው ራሰ። ደሙ በጉሮሮዬም ወረደ። ያኔ ጋሽ አንጁሎ እንደተንበረከኩ ዞር ብለው ማቴዎስን አዩት፤ እጆቹ አሁንም ጉልበቱ ላይ ናቸው። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ማንም አልመታትም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ከውስጥ ነው። መኪና ፈልጉ! ምን ትቆማላችሁ፣ መኪና!»

ሆስፒታል የወሰዱኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ጋሽ አንጁሎ ያንን ሣር ሳይጥሉት ቆመው ነበር፤ ጥበቃው «አባባ፣ ሣሩን ውጭ ይተዉት» ቢላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። አፍንጫዬ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቁ፣ ደም ቀዱ። ብልዙን ያየች ሐኪም የመጀመሪያውን ውጤት ስታይ ደሜን ራሷ ይዛ ወደ ላብራቶሪ ሄደች። ሐኪም ራሱ ደም ይዞ ሲሮጥ ካያችሁ ጥሩ አይደለም፤ ይህን ያኔ ነው የተማርኩት። ስትመለስ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በዕድሜ እኩያዬ ናት።

«ትርንጎ» አለችኝ፣ «ዛሬ ወደ ቤት አትሄጂም። ደምሽ ውስጥ የሚታየው ሉኪሚያ ይመስላል። የደም ካንሰር ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሁለቱ ልጆቼ ታዩኝ፤ ደግሞም ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃላችሁ? አንዲት ሙሽራ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘዘችው ቀሚስ። ሰው ሲፈራ ሐሳቡ የሚሸሸው እንዲህ ወዳለ ነገር ነው። ማቴዎስ እጄን ይዞ ነበር፤ አጥብቆ እንዳይዘኝ፣ እንዳይበልዝብኝ ፈርቶ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ።

በማግስቱ ከዳሌዬ አጥንት መቅኔ ቀዱልኝ። ሕመሙን አልዋሻችሁም፣ ያማል፤ ግን አጭር ነው። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ መጥታ እንዲህ አስረዳችኝ። የሰው ደም የሚወለደው አጥንት ውስጥ፣ መቅኔ ላይ ነው። እዚያ እናት ሕዋሳት አሉ። ከእነሱ የሚወጡት ልጆች መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሙያ የላቸውም። ከዚያ ቀስ በቀስ እያደጉ አንዱ አየር ተሸካሚ ይሆናል፣ አንዱ ከጀርም ጋር የሚዋጋ ይሆናል፣ አንዱ ደግሞ የተቀደደ ሥር ላይ ሄዶ ደም የሚያቆም ይሆናል። ሁሉም ውስጥ ያለው መመሪያ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ግን የራሱን ገጽ ብቻ ገልጦ ያነባል።

«የአንቺዎቹ መሐል ላይ ቆመዋል» አለች። «ወታደር ሊሆኑ ጀምረው ሳያድጉ ቀሩ። ሳያድጉም ይባዛሉ። መቅኔውን ስለሞሉት ደም የሚያቆሙት የሚወለዱበት ቦታ አጡ፤ እነሱ ራሳቸውም የደም መርጋትን ያዛባሉ። ለዚህ ነው ሳትመቺ የምትበልዢው።»

እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ፈትል ልቃቂቱ ላይ ተጠቅልሎ፣ ሳይሸመን እያለ ጋቢም አይደለም፣ ነጠላም አይደለም። ገና ምንም ሊሆን ይችላል። ቤትህ በልቃቂት ቢሞላ ግን ብርድ ሲመጣ የምትለብሰው የለህም። ለሐኪሟ ይህን ስነግራት «ልክ ነው፤ ልዩነቱ፣ ሕዋስን የሚሸምነው ሰው የለም፣ ራሱን በራሱ ነው የሚሠራው» አለችኝ። እኔን የከፋኝ ይሄ ነው። ጠላት ቢሆን ከውጭ የገባ ነው ትላለህ። እነዚህ ግን የእኔው ልጆች ናቸው፤ አላድግም ያሉ፣ ቤት ሞልተው ተቀምጠው እናታቸውን የሚያደሙ።

«እና ትገድያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ኪሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እንሰጥሻለን፣ እሱ ይገድላል። ግን የአንቺ ዓይነት ሉኪሚያ ዕድል አለው። የሚያሳድጋቸው ክኒን አለ። ከቫይታሚን ኤ ዘመድ የሚሠራ ነው። የቆሙት ሕዋሳት ዳግም ማደግ ይጀምራሉ፣ ሥራቸውን ይይዛሉ፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ እንደማንኛውም ሕዋስ ይሞታሉ። እስከዚያ ድረስ እንዳትደሚብኝ ነው የምፈራው። ስለዚህ ዛሬውኑ እንጀምራለን።»

እትዬ ጽጌ «ቫይታሚን» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛ ወጣች። «ለካንሰር ቫይታሚን? እንደሱ ከሆነ ካሮት አልጨምቅላትም?» አለች። ሐኪሟ በትዕግሥት «ካሮት ይህን አይሠራም፤ እንዲያውም ሌላ ቫይታሚን ኤ እንዳትሰጧት» አለቻት። እትዬ ጽጌ ግን እስከ ዛሬ ያመነች አይመስለኝም።

ደም የሚያቆመው ሕዋስ ከደም ባንክ በትንንሽ ከረጢት ይመጣልኝ ነበር፤ ቢጫ ነው፣ ደም አይመስልም። በምትኩ ዘመድ ደም ይለግሳል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሥራ አቁመው እየተሰለፉ ለገሱልኝ። ከመሐላቸው መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ነበር አሉ፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ሰጠ። በዚያው ሳምንት ጋሽ አንጁሎ ሽማግሌዎቹን ይዘው ኮሪደር ላይ ማቴዎስ ፊት ሊንበረከኩ መጡ። በሐሰት የወቀሰ ሽማግሌም ዕዳ አለበት። ማቴዎስ በበሩ በኩል ይታየኛል። ክንዳቸውን ይዞ ከመንበርከካቸው በፊት አስቆማቸው። «ሣሩን ለኔ አይያዙ፣ ጋሼ» አላቸው። «እሷ እንድትነሳ ይያዙላት።» ሣሩ ውስጥ አይገባም ስለተባለ ከመስኮቱ ውጭ ጠርዙ ላይ አኖሩት፤ ሲደርቅ እየመጡ ይቀይሩታል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ባሰብኝ። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ እግሬ አበጠ፣ ከዚያ ትንፋሽ። ተኝቼ መተንፈስ አቃተኝ፤ ተቀምጬም አቃተኝ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ኦክስጅን ፊቴ ላይ አደረጉ፤ በዚያ ጭምብል ውስጥ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ እያንዳንዱን «ይሄ የመጨረሻው ይሆን?» እያልኩ። ጠያቂ ወጥቶ ክፍሉ ጸጥ ሲል ደግሞ ይብሳል። በነገራችሁ ላይ እንቅልፍን ፈርቼ አላውቅም ነበር፤ ያኔ ግን ዓይኔን ከከደንኩ መተንፈስ እረሳለሁ ብዬ ዓይኔን አፍጥጬ ጣሪያ አይ ነበር። ሞት እንደዚህ ቀርቦ ሲታይ ጀግና የሚሆን ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ እናቴን ነበር የምጠራው፤ እናቴ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች።

እትዬ ጽጌ አልቻለችም። «መድኃኒቱ ነው የሚገድላት! ስትገባ በእግሯ ነው የገባችው» ብላ ጮኸች። «አውጡልኝ፣ እንጦጦ ጸበል እወስዳታለሁ። ብትሞት እንኳ እመቤታችን ደጅ ትሙት።» ሌሎች ዘመዶችም «እውነቷን ነው» አሉ። መኪናም ተዘጋጅቷል። ሁሉም ወደ ማቴዎስ ዞረ፤ ባል ነውና እሺ የሚለው እሱ ነው።

ሐኪሟ ለሁላቸውም ነገረቻቸው። መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ችግሩ ሕዋሳቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማደግ መጀመራቸው ነው። እንደ ወታደር ነቅተው ወደ ሳንባና ወደ ሌላው አካል እየገቡ፣ ውኃ እንዲቋጥር እያደረጉ ነው። ክኒኑን ለጊዜው ታቆማለች፣ ቁጣቸውን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት በመርፌ ትሰጣለች፣ ስረጋጋ ትመልሰዋለች። «ትድናለች ብዬ መማል አልችልም» አለች። «ከዚህ ከወጣች ግን እንደማትተርፍ አውቃለሁ።»

ማቴዎስ ቆመ። ያን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ቅዳሜ መታት አላችሁኝ፣ እሁድ ሽማግሌ አመጣችሁብኝ፤ ቻልኩት። አሁን እዚህ ብትሞት፣ ከጸበል ከልክሎ ገደላት ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። በሉኝ። ትርንጎ ከዚህ አትወጣም።»

እትዬ ጽጌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ከጭምብሉ ሥር ልናገር ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። እጄን ብቻ ዘረጋሁለት። እሱም እንደ ልማዱ በጣቶቹ ጫፍ ያዘኝ። ፈርቶ ነበር፣ ከእኔ ባልተናነሰ።

ማታውን እትዬ ጽጌ ተመለሰች፣ በጠርሙስ ጸበል ይዛ። ያልፈላ ውኃ መጠጣት ለእኔ አደገኛ ስለሆነ ሐኪሟ «ከራስጌዋ ይቀመጥ» አለች። እዚያው ተቀመጠ። መስኮቱ ላይ ሣር፣ ራስጌዬ ጸበል፣ ክንዴ ላይ መርፌ። የትኛውንም አንሱ አላልኩም፤ ያን ሰዓት የተገኘውን እርዳታ ሁሉ የማይፈልግ ሰው የለም።

መርፌው ከተጀመረ ወዲህ ትንፋሼ ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ነቃሁ፤ ነቃሁ! መተኛቴን ያወቅኩት በመንቃቴ ነው። እግሬ ጎደለ፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ክኒኑም ተመለሰልኝ። ሐኪሟ አንድ ቀን ደሜን በማይክሮስኮፕ አይታ መጥታ «እያደጉልሽ ነው» አለችኝ፤ ልክ ስለ ልጆቼ የምታወራ ይመስላል። ኪሞው ጸጉሬን ወሰደ፣ አፌን አቆሰለ፣ የምግብ ሽታ አስጠላኝ። ሆስፒታል ስገባና ስወጣ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ከዳሌዬ የተቀዳው መቅኔ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ሙያውን ይዟል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሳትመቱ ከበለዛችሁ፣ ድዳችሁ ያለምክንያት ከደማ፣ ቀይ ነጠብጣብ ከወጣባችሁ፣ «ጾም ነው፣ ሥራ ነው» አትበሉ። ሐኪም ፊት ገላችሁን አሳዩ፣ የደም ቆጠራ ይሠራልኝ በሉ። የበለዘ ሰው ካያችሁም «ማን መታህ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ «ማንም» ካለ ግን ቃሉን አምናችሁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ድኛለሁ ስል ግን ፍርሃቱ አብሮ የዳነ እንዳይመስላችሁ። በቅርቡ ለማቴዎስ ፈትል ላቀብል ጎንበስ ብዬ ስነሳ፣ ሸማው የሚጠቀለልበት እንጨት ክንዴን መታኝ። «ወይኔ!» ብዬ ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ክንዴ በልዟል። ረጅም እጅጌ ለበስኩ፣ ለማንም ሳልናገር ስውል እሱ ስታጠብ ደርሶ አየው። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሽማግሌው ፊት ያላለቀሰ ሰው፣ ሆስፒታል ያላለቀሰ ሰው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወዲያው ሄድን። ደም ሰጠሁ፣ ያው ኮሪደር፣ ያው አግዳሚ ወንበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምንሽን ነው?» ሲሉኝ እጅጌዬን ወደ ታች ጎተትኩ። ማቴዎስ የበሩን እጀታ ብቻ ያያል። በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ወጣች፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ክንዴን አየች።

«ደምሽ ጤነኛ ነው» አለችኝ። ከዚያ ክንዴን ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ «ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ እየለቀቀ ነው። ይሄ የማንኛውም ሰው ብልዝ ነው። ታዲያ አሁንስ ማን መታሽ?» አለች።

«እንጨት ነው!» አልኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮኼ፣ እንባዬ እየወረደ። «እንጨት ነው የመታኝ!»

ማቴዎስም ሳይጠየቅ ከወንበሩ ተነሳ።

«ምስክር ነኝ» አለ። «እንጨቱ ነው።»